ዓይን ያስገባ ውሸት

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ወልደማርያም፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? እኔ ከሙቀቱና ከናፍቆትዎ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም። ለገና ባለመምጣቴ የተቆጡት እውነትዎን ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴም ከማጀቴ ከተማ ይህንኑ ቁጣ ልካልኛለች። እህትና ወንድም ስትቆጡ ቃላችሁ እንኳ አይለያይም።

“ሰው ሰላምታ ይልካል እንጂ የተራረፈ ቀለም ይለምናል ወይ?” ላሉኝ መልሱ ይኸውልዎ። ከትምህርት ቤታችን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ፣ ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ የነበረባቸው ልጆች ቅርጫት ተሸክመው ከአውቶቡስ አውቶቡስ ሲሮጡ አያቸዋለሁ። ጣርማ በርን ሲወርድ ያጥወለወለው መንገደኛ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያሸተው ሎሚ ነው። ሎሚ የሚሸጡ አሉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ አሉ፣ የትንባሆ ቅጠል በክር ሲሰኩ የሚውሉ አሉ፤ የት ነው የምታድሩት ስላቸው አፍረው የሚስቁም አሉ። ትምህርት ቤት ኑ ብላቸው፣ “እትዬ፣ አውቶቡሱን ማን ይጠብቅልን?” አሉኝ። 

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አውቶቡስም የለም። በዚያ ሰዓት የቀበሌውን ባዶ መጋዘን ለመንኩና ቁልፉን ሰጡኝ። ፊደል ላስተምራችሁ ብላቸው አንድም አይመጣም ነበር፤ ሥዕል ስላቸው አሥራ አራት መጡ። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ በከሰል እየሳልን ነው። ፊደሉን በሥዕሉ ጥግ ስማቸውን ሲጽፉ አሾልኬ አስገባላቸዋለሁ።

ከመካከላቸው ናፊሳ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለች። ያላት ሰው አያቷ እማማ ከዲጃ ብቻ ናቸው፤ የአሊዩ አምባ ሴት ናቸው፣ ቆጣ ይላሉ። “ኪነት” የሚል ቃል ሰምተው “ልጄን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?” ብለው በከዘራ መጡብኝ። አይዘፈንም፣ አይጨፈርም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው አልኳቸው። “እሷን ዝም ማሰኘት ከቻልሽማ ውሰጃት” አሉኝ።

ጋሼ፣ የዚህች ልጅ እጅ የተባረከ ነው። እኔ እንደ እርስዎ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ዓይቼ ደነገጥኩ። ሌላው ሁሉ ባይሳካልኝ እሷ እንድታመልጠኝ አልፈልግም። ስለዚህ ቀለም።

አክባሪዎ እቴነሽ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ እቴነሽ፤

ጉልበቴን ለጠየቅሽው፣ መሰላል ላይ ስወጣ ይረግመኛል፣ ስወርድ ይመርቀኛል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሦስቱን ጢማሞች ፎቅ በሚያህል ሸራ ላይ እየሳልን ነው። ጢሙ ብቻ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደጨረሰ ብነግርሽ አታምኚኝም። የተረፈውን በዚህ መልእክተኛ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ጥቁሩና ቀዩ ይበዛል፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂ።

ከየካቲቱ ቀጥሎ በላክሽው በሁለተኛው ደብዳቤሽ “ሦስት ገጽ ጻፍኩልዎ” ትያለሽ። የደረሰኝ ሁለት ነው። ሦስተኛውን መንገድ ላይ ያነበበው ሰው ወዶት አስቀርቶት ይሆናል። ዳግመኛ አትጻፊው።

“ምን ይሳሉ?” ላልሽኝ፣ አርእስት አትስጫቸው፤ ያዩትን ይሳሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስማር አለቃችን “ያየኸውን” ብለውን አያውቁም፤ “እንደተሳለው ሳል” ነበር ትእዛዙ። ከዚያ ወጥቼ እዚህ መጣሁ፤ እዚህም እንደተሳለው ነው። የጢሙ ርዝመት እንኳ ከላይ ነው የሚመጣው። ልጆችሽ ግን ከዚህ ዕዳ ነጻ ናቸውና ያዩትን ብቻ ይሳሉ። ያቺን ባለ ሎሚ ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ ወልደማርያም

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ወልደማርያም፤

ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ታምሜ አይደለም። ስለ ሦስተኛው ገጽ እንዳሉኝ አልደግመውም፤ ከወደ ሰሜን በእግራቸው ስለሚመጡ እንግዶች ነበር። አሁን ልጆቼ ሠላሳ ሁለት ደርሰዋል ብል ይበቃል።

ለበዓሉ ከየወረዳው የሕፃናት ሥዕል አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ይላካል ተባለና፣ የወረዳችን ካድሬ ጓድ ሞገስ ሊመርጥ መጣ። ናፊሳ የሳለችው እሱን ነበር፤ ላንድሮቨሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ። እንዴት ያለ ሥራ መሰለዎት! ከጎን ነው የሳለችው። አፍንጫው፣ ኮፍያው፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ሁሉ እሱው ነው፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ክብ። ከሥር “ናፊሳ” ብላ ጽፋለች፣ “ፊ”ን ገልብጣ። እኔማ ደስ ይለዋል ብዬ ከፊት ነበር የሰቀልኩት።

ሰውየው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። “ጓድ እቴነሽ፣ ሌላው ዓይኔ የት ገባ?” አለኝ። ከጎን ሲታዩ አንድ ዓይን ነው የሚታየው ስለው ጮኸብኝ። ማን እንዳስተማራት፣ ማን እንደላከኝ፣ አዲስ አበባ ያለው ሥዕል የሚያውቀው ዘመዴ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የመጋዘኑን ቁልፍ ወሰደ። ለዚሁ ጥያቄ ሁለት ቀን ቢሮ ዋልኩ። ደህና ነኝ። የእርስዎን ስም አልጠራሁም።

መጨረሻ ላይ የነገረኝ ይህ ነው፦ ሥዕሉ ዝርዝር ውስጥ ገብቷልና ይላካል፤ ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ “ካልተስተካከለ” መጋዘኑ ይዘጋል፣ የልጅቷም አያት ይጠራሉ። እማማ ከዲጃ አንዴ ከተጠሩ ናፊሳን ደግመው እንደማይልኩልኝ አውቃለሁ። አንድ ሰው በአንድ ዓይን ምክንያት እንዲህ የሚሆነው ምን ቢያይ ነው? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

እቴነሽ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ፤

“ሁለት ቀን ቢሮ ዋልኩ” ትያለሽ። ከ“ዋልኩ” አጠገብ የሰረዝሽውን ቃል ወረቀቱን ገልብጬ አነበብኩት፤ “አደርኩ” ይላል። ለእናትሽ አልነገርኩም። ለብቻዬ ግን አልቅሻለሁ።

ጓድሽ ልጅ ሳለ ድቁና ተቀብሏል፤ በዚህ አልሳሳትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ግን በጎን ይሳላሉ፣ በአንድ ዓይን። አለቃችን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ለአንድ ጭፍራ ሁለተኛ ዓይን ብሰጠው “አጸደቅኸው!” ብለው በአለንጋ ገርፈውኛል። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በየበዓሉ ቆሞ ያየውን ግድግዳ አልረሳም። አሁን ደግሞ ራሱን በላንድሮቨር ተቀምጦ ወደዚያው ሲነዳ አየ። ይህንን አውጥቶ መናገር አይችልም። ካድሬ ገሃነም ፈራሁ ብሎ ለማን ያመለክታል?

እንግዲህ ምክሬ፦ ዓይን ጨምሪበት። ጉንጩን ከአፍንጫው ማዶ ትንሽ አስፊውና ከዚያኛው ያነሰ ዓይን አስቀምጪ። አሥር ዓመት ሙሉ ላልሳቀው ሳቅ፣ ለከሳው ሥጋ ስጨምር ኖሬአለሁ፤ ብሩሽ አይከለክልም። ልጅቷ ትቀየማለች ብለሽ አትስጊ። የልጅ ቅያሜ እስከ ማታ ነው። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።

ወልደማርያም

ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ወልደማርያም፤

ዓይኑ ገብቷል። እንዳሉኝ አድርጌ ነው የጨመርኩት፤ አፍንጫው ወደ ደብረ ሲና እያየ ዓይኖቹ ወደ እኛ ይመለከታሉ። ጓድ ሞገስ ግን ደስ አለው። “አሁን ሰው መሰልኩ” አለና ቁልፉን በእጄ አስያዘኝ። ሥዕሉም ተጠቅልሎ ሄደ። ልጆቹ መጋዘኑ ሲከፈት በእልልታ ገቡ።

በኋላ በላኩልኝ ወረቀት “ባለ ሎሚዋስ?” ብለው የጠየቁኝን እንዳልመልስ ሦስት ቀን ሸሸሁት። ናፊሳ የለችም።

ሥዕሉ ከመጠቅለሉ በፊት አየችው።  ጠጋ ብላ በጣቷ ሳትነካው ያንን ዓይን ተከተለችው። ከዚያ “እትዬ፣ ይህን ዓይን እኔ አላየሁትም” አለችኝ። አውቃለሁ፣ ለመልካም ብዬ ነው አልኳት። “ስሜ ከሥር አለ። ወላሂ አላየሁትም። ባላየሁት አስመሰከርሽኝ” አለችና እጇን ተለቃልቃ ወጣች። ሦስት ሳምንት ሆናት። ማቆሚያው ላይ ሳገኛት “ደህና ነሽ እትዬ” ትለኛለች፣ ቅርጫቷን ይዛ ታልፋለች። እንደማንኛውም መንገደኛ።

ጋሼ፣ መጋዘኑን አተረፍኩ፤ መጋዘኑን የፈለግሁላትን ልጅ አጣሁ። በራሴ በጣም አፍሬአለሁ። ጥፋቱ የማን ነው?

እቴነሽ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ እቴነሽ፤

የልጅ ቅያሜ እስከ ማታ ነው ብዬሽ ነበር። ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ሽማግሌ ምክር ነውና ይቅር በይኝ።

“ጥፋቱ የማን ነው?” አልሽኝ። የእኔ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ሎሚ ሻጭ ናት ብዬ ንቄያት ነው እንጂ፣ የአንድ የተከበረ ሠዓሊ ሥራ ቢሆን ዓይን ጨምሪበት ብዬ እጽፍልሽ ነበር? ሰው ዓይን ያወጣ ውሸት ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። የኛ ግን ዓይን ያስገባ ሆነ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን በአንድም ሥዕሌ ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ትሕትና ነው እላለሁ። ትሕትና አይደለም። ስሜን ባልጻፍኩበት ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው። ያቺ ልጅ “ፊ”ን ገልብጣም ቢሆን ጽፋለች፤ ለዚህ ነው የተቆጣችው።

ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት። እንደ ልጅ አታባብያት፣ ከረሜላ አትግዢላት። እንደተበደለ ሰው ጠይቂያት። የምትለውን ጻፊልኝ።

ወልደማርያም

ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ወልደማርያም፤

እንደተበደለ ሰው ባሉኝ መሠረት ሽማግሌ ላክሁ። የማቆሚያውን ትኬት ቆራጭ ጋሽ በላይንና ሼህ ሁሴንን ለመንኩ። “ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?” ሲሉኝ፣ ከናፊሳ ጋር አልኩ። ሼህ ሁሴን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ “የተበደለው ልጅ ሲሆን ሽምግልና አይቀመጥም ያለ ማነው? እንሄዳለን” አሉ። እኔ እንደ ወጉ ድንጋይ ልሸከም ብዬ ነበር፤ “ይሄ ሙቀት ይበቃሻል” ብለው ከለከሉኝ።

እማማ ከዲጃ ደጃፍ ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ናፊሳ ነጠላዋን አስተካክላ መሐል ላይ ተቀመጠች፤ ሽማግሌዎቹ እሷ ሳትቀመጥ ነገር አልጀመሩም። በደሌን በአፌ ተናዘዝኩ። ጋሽ በላይ “ካሣሽ ምንድነው ልጄ?” አሏት።

“ዓይኑ ይውጣ” አለች።

ጋሼ፣ ጋሽ በላይ ዞር ብለው መንገዱን አዩ፤ ላንድሮቨሩ ቢያልፍ ሁላችንም አልቆልን ነበር። እማማ ከዲጃ “አስተግፊሩላህ! የሰው ዓይን!” ብለው አፏን ሊይዟት ተነሡ። እሷ ግን፣ “እሱን አላልኩም። ሥዕሉ ላይ ያለው ዓይን ይውጣልኝ” አለች። ስንስቅ እሷ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ለምን በአንድ ዓይን እንደሳለችው የጠየቃት። ሼህ ሁሴን ናቸው የጠየቋት፤ እኔ አይደለሁም። እንዲህ አለች፦ “ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ነው የምቆመው። ሰው ወደ ፊት እያየ እጁን ይሰድልኛል፣ ሎሚውን ይወስዳል። በወዲያ በኩል ያለውን ዓይን አይቼ አላውቅም። የጓድ ሞገስንም፣ የማንንም።” ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ይሁዳ ከየት ታውቀዋለች? ጓድ ሞገስ ገሃነም አየ፣ እርስዎ አለቃዎን አስታወሱ፣ እኔ ቁልፉን አሰብኩ። እሷን የጠየቀ አልነበረም።

ሥዕሉ አሁን እናንተ ዘንድ ነው፤ ካሣውን ከየት አመጣለሁ? ዕርቁ አልፈረሰም፣ አልተፈጸመምም። “ዓይኑ ሲወጣ እመጣለሁ” ብላለች። ይህን የጻፍኩት ምን ሆነ ስላሉኝ እንጂ ምንም እንዲያደርጉልኝ አይደለም። በእናቴ ሞት፣ ምንም እንዳያደርጉ።

እቴነሽ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ እቴነሽ፤

እንኳን አደረሰሽ። ዓይኑ ወጥቷል።

የኤግዚቢሽኑን ፍሬሞች እንድንጠራርግ ታዘን በምሳ ሰዓት አዳራሹ ገባሁ። ጥበቃው “ምን እያደረግህ ነው?” ሲለኝ “እያስተካከልኩ ነው” አልኩት። በዚያ አዳራሽ የተናገርኩት እውነት ያ ብቻ ይመስለኛል። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁት። ልጅቷ ልክ ናት። ሰው ስናልፍ እንዲያ ነን። የጉንጩ ቀለም ግን ከእሷ ቀለም ጋር አልገጠመልኝም፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለምና ይቅርታ በይልኝ።

ከእንግዲህ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ አትጻፊልኝ፤ በቤት ቁጥሬ ይሁን። ለምን አትበይኝ። ጉልበቴም ዕረፍት ሲፈልግ ቆይቶ ነበር።

ወልደማርያም

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ወልደማርያም፤

ለምን አልልዎትም። እናቴ ጽፋልኛለች። ከሥራ እንደተባረሩ፣ ከዚያም በፊት አሥራ ሁለት ቀን የት እንደነበሩ። እርስዎ አንድ ቃል ስሰርዝ ገልብጠው ያነበቡኝ ሰው፣ እኔን “ጉልበቴ ዕረፍት ፈለገ” ይሉኛል? አለቀስኩ። ተቆጣሁም።

ሥዕሎቹ ትናንት በአንድ ሣጥን ተመለሱ። ሣጥኑን የከፈተው ጓድ ሞገስ ነው። ናፊሳን ጠርቻት ነበር፤ በር ላይ ቆማለች። የእሷ ሲወጣ ዓይኑ አንድ ብቻ ነበር። ሰውየው አየው፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያ፣ ይህን ከእሱ አልጠበቅሁም፣ እኔን ሳይሆን እሷን ጠየቃት፦ “ለምንድነው በአንድ ዓይን የሳልሽኝ?”

“ከመኪና ወርደው ስለማያውቁ ነው” አለችው።

“ይኸው ነው?” አላት።

“ይኸው ነው።”

“የእግዜር ያለህ!” አለ ጓድ ሞገስ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ። ስምንት ወር የተሸከመውን አውርዶ የተነፈሰ ነው የሚመስለው። ቁልፉን ሳይጠይቀኝ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሎሚ ሲገዛት አየሁት፤ ከመኪናው ግን አልወረደም።

ናፊሳ በሰባት ሰዓት መጥታ ከቦታዋ ተቀመጠች። ለእርስዎ ልጽፍ ስል ወረቀቱን ቀማችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ አንድ ፊደል አላረምኩም።

እቴነሽ

ለጋሼ ወልደማርያም። አሰላሙ አለይኩም። እኔ ናፊሳ ነኝ። አያቴ ደህና ናት አልሃምዱሊላህ። ሥዕሌ መጣልኝ። ጉንጩ ላይ ያለው ቀለም የኔ አይደለም ግን ቦታው ልክ ነው። አፉ ብያለሁ። ለእትዬም አፉ ብያለሁ።

ከሥራ አስወጡዎት አሉ። እትዬ ስታለቅስ ሰማሁ። እዚህ ይምጡ። ሎሚ መሸጥ እኔ አስተምርዎታለሁ ከባድ አይደለም። ከጣርማ በር የሚወርደው መኪና ሎሚ ነው የሚፈልገው። ከደሴ የሚመጣው ፓፓያ ነው። ጉልበትዎን ያምዎታል ስላለች እርስዎ አይሮጡም። ሩጫውን እኔ እሮጣለሁ። እርስዎ ጥላ ሥር ቅርጫቱን ይጠብቃሉ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ መኪና የለም ያኔ እንስላለን። ስምዎን መጻፍ ካልለመዱ አሳይዎታለሁ።

ሲመጡ ከመኪናው ይውረዱ። ፊትዎን አላውቀውም።

ናፊሳ